የጢስ መውጫ ነገር፤ የቮልስዋገን ማርሚታ ታሪክና አመራረጡ



በዚህ ዓምድ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦር ሜዳዎችና ስለ አድባራት የተነገሩ ንግግሮችን ማንበብ ለምዳችኋል። ዛሬ ግን በሬዲዮ ካሰማሁት በኋላ በጽሑፍ የቀረበላችሁን የዚህን ንግግር አርእስት ስታዩ ፈገግ ትሉ ይሆናል፤ ነገሩ የመኪና ጢስ መውጫ ነውና። ነገር ግን ታሪክ በቤተ መንግሥት ብቻ የሚኖር አይደለም። በየቀኑ በምንነካው ዕቃ ውስጥም ታሪክ አለ፤ ያንን ታሪክ ሳናውቅ ዕቃውን የለወጥን እንደ ሆነ የምንከፍለው ዋጋ ከገንዘብ በላይ ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ እናቴን በአሮጌ ቮልስዋገን ይዤ ወደ ትውልድ ስፍራዬ ወደ ወገዳ ስጓዝ በጉና ብርድ ውስጥ ነው። እርሱንም በቦታው እነግራችኋለሁ።

በጋይንት ምድር ነፋስ መውጫ የምትባል ከተማ አለች። ስሟን ያወጣላት ሰው ያየውን የተናገረ ይመስላል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች ነፋስ አይለያትምና። ለነፋስ መውጫ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለጢስም መውጫ ያስፈልገዋል። የባላገሩ ጎጆ ጢሱን በሣር ክዳኑ መካከል ቀስ እያለ ያሾልከዋል። በከተማ ግን የከሰል ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ፣ በርና መስኮቱን ዘግቶ የተኛ ሰው የሚደርስበትን አደጋ ሁላችንም ሰምተናል። ዛሬ የምንነጋገርበትም ነገር ከዚህ ማንደጃ የራቀ አይደለም። መኪና ማለት እሳት ይዞ የሚሄድ ቤት ነው፤ የእሳቱም ጢስ በየት በኩል እንደሚወጣ ማወቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። የአገራችን ሜካኒኮች የመኪናን ጢስ ማውጫና ድምፅ ማፈኛ «ማርሚታ» ይሉታል። ቃሉ የጣልያን ነው፤ በጣልያንኛ ማርሚታ ማለት በመጀመሪያ ትርጉሙ የወጥ ድስት ነው። ክዳን ያለውን ትልቅ ድስት ስለሚመስል ስሙን ለመኪናው ዕቃ ሰጡት። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ዳዶ፣ ባትላሜራ የሚሉትም ቃላት ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. አገራችንን በወረረበት ዘመንና ከዚያም በኋላ በጋራዥ ሥራ በቀሩት ጣልያኖች ዘንድ የእኛ ልጆች ሙያውን ሲማሩ ቃሉንም አብረው ተማሩ። ወራሪው ተባርሮ ሄደ፤ ቃሉ ግን በየጋራዡ ቀረ። እንግዲህ አንድ ሰው «ማርሚታ ላስለውጥ ነው» ባለ ጊዜ ሳያውቀው ታሪክ ይናገራል ማለት ነው።

የመንኰራኩር ታሪክም በእኛ አገር በተለይም በጋይንት ከመኪና በፊት የነበረ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ዋልድማየርንና ጓደኞቹን የመሰሉ የአውሮፓ ሰዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። እነዚህ ሰዎች ለስብከትና ለእጅ ሥራ የመጡ ነበሩ እንጂ መድፍ መሥራት ሙያቸው አልነበረም፤ መጀመሪያ የሞከሩትም አልተሳካላቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልተዉአቸውምና በመጨረሻ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል ተሠራ። በ1860 ዓ. ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን መድፍ በሠረገላ አስጭነው ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ መንገዱን ራሳቸው እያስጠረጉ፣ ድንጋዩንም በገዛ እጃቸው እያነሡ፣ የዘቢጥንና የጅዳን ገደል እያስቈፈሩ ሄዱ። መቅደላ የደረሱት በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነው። ወራት የፈጀው ያ ጉዞ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አንድ ዕቃ ብቻውን ዕቃ እንዳልሆነ፣ መንገዱን፣ አየሩንና አብረውት የሚሠሩትን ነገሮች ሁሉ አስከትሎ እንደሚመጣ ነው። ሴባስቶፖል ያለ መንገዱ ተራ የብረት ክምር ነበር።

ከዚያ 40 ዓመት ሲያልፍ፣ በ1900 ዓ. ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባለውን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተቀምጠው ሄዱባት። ወደ ጋይንት አገር ግን ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ ጎዳና የደረሰው ብዙ ዘግይቶ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1970ዎቹ በቻይና መንግሥት ርዳታ ተፈጸመ። ከዚህ ጎዳና ወደ ደቡብ ተገንጥሎ ወደ ስማዳ፣ ወደ ወገዳ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ጠጠሩና አቧራው፣ በክረምትም ጭቃው ይጠብቀዋል። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማርሚታ የሚመርጥ ሰው መኪናው የሚሄድበትን መንገድ አስቀድሞ ማሰብ ስለሚገባው ነው።

አሁን ወደ መኪናችን እንምጣ። ቮልስዋገን፣ በከተማችን አጠራር ቮልስ፣ ዕቅዱ የተጀመረው እ. ኤ. አ. በ1934 ፈርዲናንድ ፖርሽ ለተራው ሕዝብ የሚሆን ርካሽ መኪና እንዲነድፍ በጀርመን አገር ውል በተሰጠው ጊዜ ነው። የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ እ. ኤ. አ. በ1938 ተጣለ፤ ነገር ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ፋብሪካው ለጦር ሠራዊት መሥራት ጀመረ። ከጦርነቱም በኋላ ኢቫን ሐርስት የተባለው የእንግሊዝ ሻለቃ ፍርስራሹን ተረክቦ እ. ኤ. አ. በ1945 መጨረሻ መኪናዋ ለሲቪሉ ሕዝብ እንድትሠራ አደረገ። እ. ኤ. አ. በየካቲት 1972 የተሠራው ቍጥር ከ15 ሚሊዮን አልፎ የፎርድን የቲ ሞዴል ክብረ ወሰን ሰበረ። የመጨረሻዋ ቮልስ እ. ኤ. አ. በሐምሌ 1953 ሳይሆን በሐምሌ 2003 በሜክሲኮ አገር በፑኤብላ ከተማ ከፋብሪካ ስትወጣ ጠቅላላው ድምር 21,529,464 ደርሶ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን እንዲህ አጥብቄ የምናገረው ያለ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህች መኪና ገና በአያቶቻችን ዘመን የቀረች ስለሚመስለው ነው።

በአገራችንም ቮልስ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የምትታይ፣ ለመምህሩ፣ ለጸሐፊውና ለመሥሪያ ቤቱ ሹም የምትስማማ መኪና ነበረች። በታሪካችን ውስጥ ስሟ የተጻፈው ግን በአንዲት ጧት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። ስንት የከበሩ አውቶሞቢሎች የነበሯቸው ንጉሠ ነገሥት በዚያች በትንሿ መኪና ሲሄዱ፣ ከበስተኋላዋ የተሰማው ድምፅ ዛሬም ሰፈራችን ውስጥ የምንሰማው ያው ድምፅ ነው። ስለዚህ የዚህች መኪና ድምፅ እንደ ድምፅ ብቻ የሚቈጠር አይደለም።

ይህ ድምፅ ከየት ይመጣል? የቮልስ ሞተር ያለው በስተኋላ ነው። አራት ሲሊንደሮች አሉት፤ እነርሱም ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ተጋድመው ይገኛሉ። ውሃና ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። ማራገቢያው አየሩን ከሞተሩ ክፍል እየሳበ፣ በላሜራ በተሠራ ሽፋን ውስጥ አሳልፎ በሲሊንደሮቹ ላይ ያነፍሰዋል። ማርሚታው ከሞተሩ በስተጀርባ ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድሟል። እ. ኤ. አ. ከ1955 ወዲህ በተሠሩት መኪናዎች ላይ ከማርሚታው ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከፓራውልቱ በታች ወደ ውጭ ብቅ ይላሉ፤ ያ ፉጨት የመሰለ ድምፅ የእነርሱ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ ብለህ ተከተለኝ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነውና። በብዙ መኪና ማርሚታ ጢስ ያወጣል፣ ድምፅም ያፍናል፤ ሥራው በዚህ ያበቃል። በቮልስ ግን ሌሎች ሁለት ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያው ሰውን ማሞቅ ነው። ከሁለቱ ከፊተኞቹ ሲሊንደሮች የሚወጣው ጢስ ወደ ማርሚታው ከመድረሱ በፊት በግራና በቀኝ ባሉት የሙቀት ሣጥኖች ውስጥ ያልፋል። ከማራገቢያው የሚመጣው አየር በጋለው ቱቦ ላይ ሲያልፍ ይሞቅና ተሳፋሪው ወዳለበት ይገባል። ጢሱና አየሩ የሚለያዩት በብረት ግድግዳ ብቻ ነው። እ. ኤ. አ. እስከ 1962 ድረስ በተሠሩት ውስጥ ወደ ሰው የሚገባው አየር ሲሊንደሮቹን አቀዝቅዞ የመጣው አየር ነበር፤ የዘይትና የጢስ ሽታም ይዞ ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአብዛኞቹ ላይ ይህ ተለውጦ ንጹሕ አየር በተለየ መንገድ እንዲገባ ተደረገ። ሁለተኛው ሥራ ካርቡራተሩን ማገዝ ነው። ቤንዚን ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ዙሪያውን ያቀዘቅዛል፤ አየሩ ርጥበት ያለውና ብርዳም የሆነ እንደ ሆነ በካርቡራተሩ ውስጥ በረዶ ይጋገርና ሞተሩን ያፍነዋል። ይህ እንዳይሆን ከማርሚታው ላይ አንዲት ቀጭን ቱቦ ወጥታ፣ ትኩስ ጢስ በካርቡራተሩ ሥር እያሳለፈች ቅልቅሉ የሚገባበትን ቱቦ ታሞቃለች።

እንግዲህ ይህ የድስት ስም የተሰጠው ዕቃ ጢስ አውጪ፣ ድምፅ አፋኝ፣ የሰው ማሞቂያና የሞተር ረዳት ነው። አራቱን ሥራዎች ሳያውቅ የሚለውጠው ሰው አንዱን አገኝ ብሎ ሦስቱን ይጥላል።

የፋብሪካውን ማርሚታ በሌላ መለወጥ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ካርሎ አባርት የተባለው፣ በቪየና ተወልዶ በጣልያን አገር የኖረው ሰው፣ እ. ኤ. አ. በ1949 ድርጅቱን አቋቁሞ ለልዩ ልዩ መኪናዎች፣ ለቮልስዋገንም ጭምር፣ የተሻለ ድምፅና ፍጥነት ይሰጣሉ የተባሉ ማርሚታዎችን እየሠራ ሸጠ። ወደ አሜሪካ የተሻገረችውን ቮልስ ደግሞ የካሊፎርኒያ ወጣቶች ለእሽቅድምድም ያበጃጁአት ጀመር፤ እንደ ኢምፒ ያሉ ድርጅቶችም ለዚህ የሚሆን ዕቃ አቀረቡ። ለእነዚህ ሰዎች የአራቱን ሲሊንደር ቱቦዎች ወደ አንድ የሚሰበስበው የስፖርት ማርሚታ ተሠራ። ጥበቡ እውነተኛ ነው። ሲሊንደሮቹ 1፣ 4፣ 3፣ 2 እያሉ በተራ ይተኩሳሉ፤ ቱቦዎቹ እኩል ርዝመት ካላቸው የአንደኛው የጢስ ግፊት የሌላውን ጢስ እየሳበ ሞተሩ በቀላሉ ይተነፍሳል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ማርሚታውን የለወጡት ካርቡራተሩን፣ ካምሻፍቱንና ሲሊንደሩን ጭምር ከለወጡ በኋላ ነው። አየሩም የካሊፎርኒያ አየር ነበር፤ እንደ ጉና የሚቀዘቅዝ አልነበረም። ሞተሩ እንደ ፋብሪካው ሆኖ የቀረ ሰው ግን ከዚህ ማርሚታ የሚያተርፈው ኀይል ጥቂት፣ የሚያተርፈው ጩኸት ብዙ ነው። «ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ስለ ኀይል ካነሣን አይቀር የደጋውን ነገር እንመልከት። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ አንድ ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ኀይል አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ በነፋስ መውጫ ደግሞ አንድ አራተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ይህም ማለት 1,192 ሲ. ሲ. የሆነው ባለ 34 ፈረስ ጉልበት ሞተር በደጋው ላይ 25 ፈረስ ያህል ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። የጠፉትን ፈረሶች ማንም የማርሚታ ነጋዴ ሊመልሳቸው አይችልም፤ ነፋሱ ራሱ የለምና።

አሁን የገዛ ጥፋቴን ልናገር። እኔ በሬዲዮ ስለ ታሪክ የምናገር ሰው ስሆን፣ የያዝሁትን ዕቃ ታሪክ ግን አላውቅም ነበር። በ1957 ዓ. ም. የተሠራች፣ ባለ 34 ፈረስ ጉልበት ቮልስ ከአንድ ጡረተኛ ገዛሁ። ሽማግሌው እንደ ፋብሪካው አድርገው ጠብቀው አቆይተዋት ነበር፤ ማርሚታዋ ብቻ ዝጎ ተበስቶ ነበር። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኋት። «እንደ ነበረው አድርጉልኝ» ማለት ሲገባኝ፣ ባልደረቦቼ መኪናዬን «ልብስ መስፊያ» እያሉ ይቀልዱብኝ ስለ ነበር፣ ጎርናና ድምፅ ያለው የስፖርት ማርሚታ ይግባልኝ አልሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። የካርቡራተሩ ማሞቂያ ቱቦ በአዲሱ ማርሚታ ላይ ማሰሪያ ስላልነበረው ተቈርጦ ተጣለ። አዲሱ ቱቦ አልገባ ስላለም ከሞተሩ ሥር ያለው ላሜራና ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማ ተነሣ። ጓርኒሲዮኑም በደንብ አልተቀመጠም። እኔ ግን ድምፁን ሰምቼ ደስ እያለኝ ሄድሁ።

በሐምሌ ወር እናቴ አዲስ አበባ ታክማ ድና ወደ ወገዳ ልመልሳት ተነሣሁ። ባሕር ዳር አድረን በማግስቱ ከደብረ ታቦር ስንወጣ ቀኑ መሽቷል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ ጉም ለብሶ ነበር፤ ካፊያ ይወርዳል። እናቴ በረዳት ጊዜ ማሞቂያውን ከፈትሁ፤ መስኮቱንም ዘጋሁ። ጥቂት እንደ ሄድን «ራሴን አመመኝ» አለች። የመንገድ ድካም መስሎኝ ጋቢዋን እንድትከናነብ ነገርኋት። ቆይታም ዝም አለች። እንቅልፍ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እኔም ራሴ ከብዶኝ ነበር፤ የከፍታው ነው አልሁ።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ አንቆ ጠፋ። ልመልሰው ብሞክር እምቢ አለ። ስወርድ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። የእናቴን በር ስከፍተው ቀና ማለት አቃታት፤ ደግፌ አውጥቼ መንገድ ዳር ባስቀምጣት አስመለሳት። በዚያን ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ደረሰና ሹፌሩ ቆመልን፤ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። እናቴን አይተው፣ መኪናዬንም አሽትተው፣

«ልጄ፤ ማሞቂያ ከፍተህ ነበር?» አሉኝ።

«አዎን አባቴ።»

«ጢሱን ከእናትህ ጋር አሳፍረኸዋላ» አሉ። ወዲያው ወደ እርሷ ዞረው «እማማ፤ አይተኙ፤ ይተንፍሱ፤ ቀና ብለው ይተንፍሱ» እያሉ በራሳቸው መኪና እኛን አሳፍረው፣ መስኮቱን ከፍተው ነፋስ መውጫ ወደሚገኝ ሐኪም አደረሱን። እናቴ ኦክሲጅን ተሰጥቷት ዳነች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በኋላ ጠይቄ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ባልተቀመጠው ጓርኒሲዮን በኩል ያመለጠው ጢስ፣ ላሜራውና ጎማው ስለ ተነሡ፣ ወደ ሞተሩ ክፍል ገባ። ማራገቢያው የሚስበው አየር ከዚያው ክፍል ስለ ሆነ ጢሱን ስቦ በሙቀት ሣጥኖቹ በኩል አሳልፎ ወደ እኛ ላከው። በጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ጋር ለመጣበቅ ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ብርቱ ነው። አየሩ ቀድሞ በሳሳበት ደጋ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል። ሞተሩ የጠፋው የካርቡራተሩ ማሞቂያ ቱቦ ስለ ተቈረጠ በረዶ ጋግሮ ነው። ስለዚህ አንዱ ጥፋቴ ሊገድለን ሲል ሌላው ጥፋቴ አቁሞ አዳነን። እንዲህ ያለውን ዕድል ሁለት ጊዜ መጠበቅ ግን የብልህ ሥራ አይደለም።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ፣ ከአባታችሁ የወረሳችኋት ወይም በቍጠባ የገዛችኋት ቮልስ ያለቻችሁ አንባብያን፤ ማርሚታ መለወጣችሁ የማይቀር ነው። ፋብሪካው ይህችን መኪና መሥራት ካቆመ ዘመን አልፏል፤ ብረትም ይዝጋል። በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ስለ ጣለ፣ በ2016 ዓ. ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ በእጃችን ያለችውን መጠበቅ ግድ ሆኗል። ስለዚህ ስትመርጡ ይህን አስቡ።

አንደኛ፤ የሞተራችሁን ዓይነትና ዘመን እወቁ። የባለ 30 ፈረስ ጉልበቱ አሮጌ ሞተርና የባለ 34ቱ ማርሚታ አንድ አይደለም፤ እ. ኤ. አ. ከ1963 ሞዴል በፊትና በኋላ ያሉትም የማሞቂያ አሠራራቸው ይለያያል። የሞተሩን ቍጥር ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ «የቮልስ ነው» በሚል ቃል ብቻ አትግዙ።

ሁለተኛ፤ ሞተሩ እንደ ፋብሪካው የሆነ ሰው እንደ ፋብሪካው ቅርፅ የተሠራውን ማርሚታ ይምረጥ። ለሁለቱ የሙቀት ሣጥኖችና ለካርቡራተሩ ማሞቂያ ቱቦ ማሰሪያ ያለው መሆኑን በዓይኑ ይይ። ማሰሪያው ከሌለው፣ ሻጩ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ቢለውም አይስማው። ሻጩ የጉናን ሐምሌ አያውቀውም።

ሦስተኛ፤ ብረቱን መርምሩ። ላሜራው ስስ ከሆነ ቶሎ ይበሳል። ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጥመው ከንፈሩ ጠማማ እንዳይሆን ቀጥ ያለ ነገር አስደግፋችሁ እዩት። የብየዳው መስመር ያልተቋረጠ ይሁን። የማይዝገው ብረት ዋጋው ከፍ ቢልም ለርጥበት አገር ይበጃል፤ ነገር ግን ልክ ካልሆነ አለመዛጉ ብቻውን ምንም አይጠቅምም።

አራተኛ፤ ከመሬት ያለውን ርቀት ለኩ። ብዙዎቹ የስፖርት ማርሚታዎች ወደ ታች ያጎነብሳሉ። በአስፋልት ላይ ምንም አይሆኑም፤ በስማዳ ድንጋይ ላይ ግን የመጀመሪያው ጉብታ ያገኛቸዋል። የተመታ ማርሚታ ደግሞ መጋጠሚያውን ያላላል፤ የላላ መጋጠሚያም ወዴት እንደሚያደርስ ነግሬአችኋለሁ።

አምስተኛ፤ ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ። ጓርኒሲዮኑ ሁሉ አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን አጽድቶ መመለስ ቍጠባ አይደለም። የሞተሩ ላሜራና ዙሪያው ጎማ እንደ ነበረ ወደ ቦታው ይመለስ። ሞተሩ ከጋለና ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ። ከዚያም ሞተሩ በሜዳ ላይ ተነሥቶ፣ የቱቦዎቹ አፍ ለአፍታ በወፍራም ጨርቅ ጋረድ ሲደረግ በመጋጠሚያው በኩል «ፍስስ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ሥራው አላለቀም።

ስድስተኛ፤ በጕዞ ላይ ማሞቂያ ተከፍቶ ሳለ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያለ ጊዜው የመጣ እንቅልፍ የተሰማው ሰው ቢኖር መኪናውን አቁማችሁ፣ ሁሉም ወርዶ ንጹሕ አየር ይተንፍስ፤ ወደ ሐኪምም ሂዱ። በዚያን ጊዜ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም፤ ምክንያቱ በኋላ ይፈለጋል።

ስለ ድምፅም አንድ ቃል ልጨምር። ጎረቤት የሌለው ሰው የለም። በሌሊት ወደ ቤቱ የሚገባ ሠራተኛ የሰፈሩን ሕፃናት የሚቀሰቅስ ጩኸት ገዝቶ መግባቱ ለመኪናውም ለስሙም አይበጅም።

እኔ ቮልሴን ከፋብሪካው ጋር አንድ ቅርፅ ያለው ማርሚታ አስገጥሜላት፣ ያነሣሁትን ላሜራና የቈረጥሁትን ቱቦ ፈልጌ አስመልሼላታለሁ። ባልደረቦቼ አሁንም «ልብስ መስፊያ» ይሉአታል፤ እኔም እስቃለሁ። የቀደሙት ሰዎች ሥራ ለውጥ አይንካው የምል አይደለሁም። ዐፄ ቴዎድሮስም ያልነበረ ነገር እንዲሠራ የፈለጉ ንጉሥ ነበሩ። ነገር ግን እርሳቸው ለመድፋቸው መንገድ እንደሚያስፈልገው ዐውቀው በእጃቸው ድንጋይ አነሡ፤ እኔ ግን ለቱቦ ማሰሪያ እንደሚያስፈልገው ሳላውቅ ቈረጥሁ። አንድን ነገር ከመጣል በፊት «ይህ እዚህ ላይ ለምን ተቀመጠ?» ብሎ መጠየቅ ለጋራዡም፣ ለመሥሪያ ቤቱም፣ ለአገርም የሚሆን ጥያቄ ይመስለኛል።

እናቴ ባለፈው ዓመት ከወገዳ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ልመልሳት መኪናውን ባስነሣሁ ጊዜ ወዲያው አልገባችም። ዞራ ወደ ኋላ ሄደችና ጎንበስ ብላ ሁለቱን ቱቦዎች አየች፤ ከዚያም «ልጄ፤ በዚህ ብቻ ነው የሚወጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። «በዚህ ብቻ ነው» አልኋት። ገብታ ተቀመጠች፤ መስኮቱን ግን በትንሹ ከፈተችው።